የወይዘሮ ሎሪንግ የጓሮ በር

ሐሙስ አመሻሽ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ቶድ ሎሪንግ ከቦስተን በባቡር ደርሶ የአክስቱን ቤት ከፈተ። ቢጣራ መልስ አጣ። ወይዘሮ ፐርሲስ ሎሪንግን ያገኛቸው ምድር ቤት፣ ከደረጃው ግርጌ ወድቀው ነው። ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነበር። ጭንቅላታቸው ተፈንክቷል፤ ቀሚሳቸው ወለሉ ላይ በተኛው ውሃ ርሷል።

ሐኪሙ ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ሞተዋል አለ። ጎረቤታቸው ሚስተር ክሮዌል ደግሞ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ «አንድ ጥቁር ሰውዬ» በራቸው ላይ ቆሞ እንዳየ፣ ማንም ሳይጠይቀው ለፖሊስ ደውሎ ተናገረ። በማግስቱ ዊልነር ዴሲር የሆነውን ሳይሰማ የቤቱን ግዢ ውል ሊፈርም ከሚስቱ ጋር ሲመጣ፣ እዚያው በር ላይ ካቴና ገባለት። ጎረቤቱ ሁሉ በየአጥሩ ቆሞ አየ። እኛ በከተማችን በሃርትዌል የአንድ መስኮት ፍሬም ለመለወጥ ኮሚቴ ተሰብስቦ ሦስት ወር ይመክራል። ሰው ለመወንጀል ግን አንድ የስልክ ጥሪ ይበቃል።

ዊልነር የድንገተኛ ክፍል ነርስ ነው። እሱና ሚስቱ ማርሌን ሁለት ዓመት ሙሉ ቤት ሲፈልጉ አሥራ አንድ ጊዜ በዋጋ ተበልጠዋል። ይሄኛውን ያገኙት ብዙ ስለሰጡ አልነበረም። ሌላው ሁሉ ስለ ጣራና ስለ ወለል ሲጠይቅ፣ ዊልነር የአሮጊቷን እግር አይቶ ለምን እንዳበጠ ጠየቃቸው። ወይዘሮ ሎሪንግም ለደላላዋ ለሚስ ኮሊን «የምሸጠው ለነሱ ነው» አሏት፤ ነገሩ በዚሁ አለቀ።

ጉዳዩን የያዘችው ከግዛቱ ፖሊስ የተላከችው መርማሪ ሮዛን ሜዴሮስ ናት። አጭር፣ ብዙ የማትናገር ሴት። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ብላ መጀመሪያ ዊልነር ዘንድ ሄደች። መጋረጃ ሊለካ ቀጠሮ እንደነበረው፣ ደውሎ አንኳኩቶ አሥር ደቂቃ ጠብቆ እንደተመለሰ ነገራት።

«ለምን ገፋ አድርገህ አላየህም?» አለችው።

«መርማሪ፣ እኔ? እዚህ ሰፈር የሰው በር ገፍቼ ልግባ?»

ሮዛን የነገራትን ሰዓት ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች።

ወራሹ ቶድ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ቢሮው እንደነበር አምስት ባልደረቦቹ መሰከሩለት። ቶድ ደግሞ፣ ክሮዌል አክስቱን ቤቱን ለኔ ካልሸጥሽ እያለ ዓመት ሙሉ እንደወተወታቸው፣ እሳቸውም ላንተ ከምሸጥ አቃጥለዋለሁ እንዳሉት ነገራት። ውሉ ሳይፈረም ቢሞቱ ቤቱ የቶድ ነው፤ ቶድ ደግሞ ለክሮዌል ለመሸጥ ቃል ገብቶለት ነበር። ይህን ሲናገር ቀና ብሎ አላያትም።

ክሮዌል የሰፈሩ የቅርስ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው። ሮዛንን የተቀበላት የወይዘሮዋን ጓሮ ቁልቁል ከሚያሳየው የኩሽናው መስኮት አጠገብ ነው።

«ከምሳ በኋላ እስከ ማታ ከዚህ ወንበር አልተነሣሁም፣ የኔ ልጅ» አላት። «ከዚያ ሰውዬ በቀር ወፍ እንኳ ዝር አላለም።»

«ያ ወደ ምድር ቤቱ የሚያስወርደው የጓሮ በርስ?»

«እሱ ከተከፈተ ሃያ ዓመቱ። ቀለም ደፍኖታል። ቀለሙም ቢሆን ኮሚቴው የፈቀደው አረንጓዴ አይደለም፤ ሦስት ጊዜ ጽፌላታለሁ።»

ጎረቤቱ ከሞቱ ሁለት ቀን አልሞላም፣ ሰውዬው ስለ ቀለም ያወራል።

ሮዛን ሚስ ኮሊንን ይዛ ወደ ምድር ቤቱ ወረደች። ውሃው ከየት መጣ? ዝናብ ከጠፋ ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ ቧንቧዎቹ ደህና ናቸው፤ ረቡዕ ቤቱን የፈተሸው ባለሙያም ወለሉ ደረቅ ነው ብሎ ጽፏል። የድሮ ከሰል ብናኝ ባጠቆረው ጥግ በርጩማ ላይ የተቀመጠች ነጭ ሣጥን አየች።

«ይቺ የራዶን መለኪያ ናት» አለች ኮሊን። «ከመሬት የሚወጣ መርዘኛ ጋዝ ነው። ቤት ከመገዛቱ በፊት ሁለት ቀን ትለካለች፤ በሩም መስኮቱም ተዘግቶ። ወይዘሮዋ እንዳይከፈት ብለው በየመስኮቱ ወረቀት ለጥፈው ነበር።»

«በየሰዓቱ ትመዘግባለች?»

ኮሊን ስልኳን ከፍታ አየች። ንባቡ ከረቡዕ ጀምሮ ስድስት ላይ ቆይቶ፣ ሐሙስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት በኋላ በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ወርዷል፤ ከዘጠኝ ሰዓት ወዲህ ቀስ እያለ ተመልሷል።

«የላይኛው በር ተከፍቶ ቢዘጋ እንዲህ አይወርድም» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እዚሁ ምድር ቤት ያለ በር ክፍቱን ቆይቷል።»

ሮዛን በጓሮ ዞራ በሩን በጣቷ ዳሰሰችው። ሁለቱ ሣንቃዎች በሚገጥሙበት መስመር ላይ ቀለሙ ጠቆር ይላል፤ ጣቷ ላይም ተጣበቀ። በሩ የተከፈተበትና ወይዘሮዋ የሞቱበት ሰዓት አልገጥም ስላላት፣ ለሐኪሙ ደውላ ሲወድቁ የተመታው ዳሌያቸው እንዴት እንደሆነ ጠየቀችው። ክፉኛ አብጦ በልዟል አላት። የሞተ ሰው አያብጥም፤ ወይዘሮዋ ከወደቁ በኋላ ሦስት ሰዓት ያህል በሕይወት ቆይተዋል።

ቅዳሜ ሁሉንም በሟቿ ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ዊልነር ከሚስቱ አጠገብ ተቀመጠ፤ ከኋላው ፖሊስ ቆሟል። ክሮዌል ያለቦታው የተጠራ ሰው ይመስል ሰዓቱን ያያል።

«ሁላችንም የተሳሳትነው እዚህ ላይ ነው» ብላ ጀመረች። «የሞቱበትን ሰዓት የወደቁበት ሰዓት አደረግነው። የሞቱት ከአሥራ አንድ በኋላ ነው፤ የወደቁት ግን ከስምንት እስከ ዘጠኝ ባለው ጊዜ ነው። ያኔ ቶድ ቢሮው፣ ዊልነር ሆስፒታሉ፣ ኮሊን ሌላ ቤት እያሳየች ነበር። ሰዓቱን የነገረችን መለኪያዋ ናት፤ የጓሮው በር አንድ ሰዓት ሙሉ ተከፍቶ ነበር።»

«እና?» አለ ክሮዌል።

«እርስዎ ከመስኮትዎ አልተነሡም። በሩ ፊትዎ ተበርግዶ ሲቆም እንዴት አላዩም?»

«እንቅልፍ ወስዶኝ ይሆናል።»

«ይሆናል። በሩ ክፍቱን የቆየው የአትክልት ማጠጫ ጎማ ስለገባበት ነው። ምድር ቤቱ ውሃ ያስገባል ከተባለ ገዢ ይሸሻል። ጎማው አጥርዎ ጥግ ተጠቅልሎ ተገኝቷል፤ ጫፉ ላይ የዚህ ምድር ቤት የከሰል ብናኝ አለበት።»

«የሰው ጎማ ማንም ሊያነሣ ይችላል፣ የኔ ልጅ።» የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ ይሏል ይሄ ነው።

«በሩ ሲከፈት የተሰነጠቀውን ቀለም አንድ ሰው ቀብቶታል። በሩ የወይዘሮዋ አረንጓዴ ነው፤ ስንጥቁ ግን የኮሚቴው አረንጓዴ። ሌላ ሰው ቢሆን ተመሳሳዩን ይፈልግ ነበር። እርስዎ ግን ያልተፈቀደ ቀለም ቤትዎ አያስገቡም።»

ክሮዌል ፊቱ ቀላ። «አልገፋኋትም። ደርሳብኝ ፖሊስ እጠራለሁ ስትል ደረጃው ላይ ክንዷን ያዝኩ፣ አመለጠችኝ። ገዳይ አይደለሁም። ትቻት ስወጣ ትናገር ነበር።»

«ምን እያሉ?»

«ሰው ጥራልኝ።»

ሮዛን ተጠግታው ቆመች። እስካሁን አንቱ ስትለው የቆየችው ሰው አንተ ሆነ።

«ሰው እኮ መጣላቸው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነርስ በራቸውን ሲያንኳኳ በመስኮትህ እያየኸው ነበር። አንድ ጊዜ ብትጠራው ይበቃ ነበር። አንተ ግን ቀለምህን ቀብተህ፣ እስኪሄድ ጠብቀህ፣ ገዳይ ነው ብለህ ደወልክበት።»

«አሥር ደቂቃ» አለ ዊልነር። «አሥር ደቂቃ ሙሉ በሩ ላይ ቆሜያለሁ።»

ማርሌን እጁን ይዛ እንሂድ፣ እዚህ ሰፈር አንድ ቀንም አላድርም አለችው። ቶድ ለክሮዌል የገባሁት ቃል ፈርሷል፣ ቤቱ የናንተ ነው፣ ከዋጋውም እቀንሳለሁ እያለ ተንተባተበ።

«አትቀንስም» አለ ዊልነር። «እሳቸው በተስማሙበት ዋጋ እንገዛዋለን። ማርሌን፣ የመረጡን እሳቸው ናቸው፤ የዚህ ሰፈር ሰዎች ፈቃድ አያስፈልገንም።»

ክሮዌል ሲወሰድ ጎረቤቱ እንደገና በየአጥሩ ቆሟል። አንዲት ሴት ወደ ሮዛን ጠጋ ብላ፣ ስለ ሟቿ አንድም ቃል ሳትጠይቅ፣ ቤቱ እንግዲህ ለማን ሊሸጥ እንደሆነ ጠየቀቻት።

«ገዢው ውስጥ ነው» አለቻት ሮዛን። «ትናንት በካቴና ሲወሰድ ቆመሽ አይተሽዋል። ስሙ ዊልነር ነው፤ ሂጂና ይቅርታ ጠይቂው።»

ሴትዮዋ ወደ በሩ አየች፤ ከዚያ ዞር ብላ ወደ ቤቷ ገባች።