የደበዘዘው ቀጭታ

ብርቅዬ የወደቀችው ስቱዲዮ ውስጥ ማይክ ፊት ቆማ ነው። የመጨረሻውን ዘፈን ሁለተኛ ስንኝ ጀምራ ነበር። ድምጿ በድንገት ተቋረጠ፤ የጆሮ ማዳመጫው ከራሷ ተንሸራቶ ወለሉን መታ። ከመስታወቱ ወዲህ የነበሩት አራት ሰዎች ትወና መስሏቸው ዝም ብለው አዩዋት። ድራማው ስለ ራሷ ሕመም ነበርና፣ መድረክ ላይም በዚያ ስንኝ መውደቅ ልማዷ ነው። ሳትነሣ ስትቀር ግን እህቷ ሐዳሳ ጮኸች።

ሆስፒታል ሲደርሱ ሕይወቷ አልፎ ነበር።

ብርቅዬ የሆሳዕና ከተማ መምህርት ነበረች። በልጅነቷ የልብ ሕመም ይዟት፣ አዲስ አበባ ላይ ደረቷ ተከፍቶ እንደ በር የሚከፈትና የሚዘጋ ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ተገጠመላት። ቫልቩ በተዘጋ ቁጥር ቀጭ ይላል፤ ጸጥ ባለ ክፍል አጠገቧ ለተቀመጠ ሰው በደንብ ይሰማል። ይህን ሕይወቷን ሙዚቃዊ ድራማ አድርጋ ጻፈችው። ሆሳዕናም ዱራሜም አዳራሽ ሞልቶ አለቀሰላት። ተዋንያኑ ስቱዲዮ የገቡት እነዚያን ዘፈኖች በአልበም ለማውጣት ነበር።

ሐኪሙ ቫልቩ ላይ ደም ረግቶ እንደ ገደላት ተናገረ። «ደም ማቅጠኛ መድኃኒቷን ትታው ይሆናል» አለ።

«አንድም ቀን አልዘለለችም!» አለ ባሏ ሶፎንያስ። የመድኃኒቱን ብልቃጥ ይዞ በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ሄደ። ክኒኑ ሲመረመር ደም ማቅጠኛ ሆኖ አልተገኘም። ቀለሙና መጠኑ የሚመሳሰል ተራ ቫይታሚን ነበር።

ጉዳዩ ለኢንስፔክተር ትርፊት ተሰጠ። ትርፊት ከመናገር ይልቅ ማዳመጥ የሚቀናት፣ በመዘምራን መካከል ያደገች ሴት ናት።

መጀመሪያ ሶፎንያስን ቤቱ ሄዳ አነጋገረችው። በድራማው ሐኪሙን ሆኖ የሚዘፍነው እሱ ነው።

«መድኃኒቱን ማን ያመጣላት ነበር?»

«እኔ፣ ከአዲስ አበባ። ብልቃጡ ከመኝታ ቤታችን መሳቢያ አይወጣም።»

«ፈጽሞ?»

አሰበ። «እሷና ሁለት የሥራ ባልደረቦቿ ጊምቢቹ ከተማ የሄዱ ጊዜ ብቻ ወጥቷል። የመዘምራን ድምፅ ሊቀዱ ሄደው እዚያው አደሩ። ቦርሳዋ ውስጥ የከተትኩላት እኔ ነኝ።» ቀና ብሎ አያት። «ኢንስፔክተር፣ ሰው ምን ይለኛል? ክኒኑን በእጄ ነው እኮ ያቀበልኳት።»

ሐዳሳ ደግሞ የቀረበላትን ሻይ አልነካችም። «ማን እንደነካው በምን አውቃለሁ?» አለች እየተርበተበተች። «ከቀብሩ ወዲህ ራሴ ያላበሰልኩትን አልበላም።»

«እህትሽ ሰሞኑን ያማት ነበር?»

«ይደክማት ነበር። ልጆች ሆነን አብረን ስንተኛ ልቧ እንደ ሰዓት ነበር የሚሰማኝ። ልትሞት ሰሞን ጆሮዬን ደረቷ ላይ ባስጠጋ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ያህል ታፍኗል። ደነገጥኩ። ሐኪም ቤት እንሂድ ስላት እሷም ፈርታ ነበርና እሺ አለችኝ።»

«ታዲያ ምን አስቀራችሁ?»

«የቡድናችን ሰው፣ ተገኘ ነዋ። ‹አንድ ዘፈን ነው የቀረን፤ ጨርሰሽ ትሄጃለሽ› አላት።» እንባዋን ጠረገች። «ሳትጨርስ ሄደች።»

ተገኘ የቡድኑ ኪቦርድ ተጫዋች ነው። ትርፊትን ረጋ ብሎ ተቀብሎ፣ የተጠየቀውን ብቻ መለሰ። ጊምቢቹ ላይ የብርቅዬ ቦርሳ መኪና ውስጥ እንደነበረና ማንም ሊያገኘው ይችል እንደነበር ነገራት።

«ሁሉም ሰው ፈርቷል» አለችው። «አንተ አትፈራም?»

«የምፈራውን ፈርቼ ጨርሻለሁ።»

«አገርህ የት ነው?»

«ሆመቾ።»

በመጨረሻ የስቱዲዮው ባለቤት ነህምያ ዘንድ ሄደች። ያለቀላቸውን ዘፈኖች አሰማት። ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ የቫልቩ ቀጭታ ግን የለም።

«ልቧ የት ሄደ?»

ነህምያ ፊቱ አመድ መሰለ። «ከዘፈኖቹ ላይ አወጣሁት። እሷ ግን በፊት ‹እንዳትነካው፣ እሱም ተዋናይ ነው› ብላኝ ነበር። ኋላ ከመካከላችን አንዱ ጨቀጨቀኝ፤ እሷም እንደ ፈቀዳችሁ አለች።» ስሙን ለመጥራት ፈርቶ በሩን ተመለከተ። «ያልተነካው ቅጂ ግን አለ።»

«አሰማኝ።»

ትርፊት ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች። ከዘፈን ወደ ዘፈን ስታልፍ ክንዷ ላይ ያለው ጠጕር ቆመ። የሞተች ሴት ልብ በክፍሉ ውስጥ ይመታ ነበር። ከአንዱ ዘፈን በፊት አንድ ድምፅ ጥቂት ቃላት ሲናገር ሰማች፤ ያን ቦታ ደጋግማ አስመለሰችው። «ገነቴ» የተባለውን ዘፈን ስታደምጥ ደግሞ ኪቦርዱ መሀል ላይ ተሳስቶ ቆመ፤ ከዚያ የታፈነ ለቅሶ ተሰማ።

በማግሥቱ ጠዋት ወደ ተገኘ አገር፣ ወደ ሆመቾ ሄደች።

ከዚያ ስትመለስ አራቱንም ስቱዲዮው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሐዳሳ የሶፎንያስን እጅጌ ያዘች፤ ወዲያው እሱንም ፈርታ ለቀቀችው።

«ክኒኑን የቀየረው ከእናንተ አንዱ ነው» አለች ትርፊት። «መጀመሪያ የጠረጠርኩት አቶ ሶፎንያስን ነበር። ሐኪሙ ግን ጉዳዩን በሕመም ሞት ሊዘጋው ነበር። ብልቃጡን ይዘው የመጡት እሳቸው ናቸው። ገዳይ ቢሆኑ ክኒኑን መድፋት ይበቃቸው ነበር።»

ሶፎንያስ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ።

«መቼ ተቀየረ? ይህን የነገረችኝ ብርቅዬ ራሷ ናት።» ለነህምያ በዓይኗ ምልክት ሰጠችው። የመጀመሪያው ዘፈን ተከፈተ፤ ቀጭታው ጥርት ብሎ ተሰማ። ሌላው ተከተለ። ቀጥሎ ከጊምቢቹ መልስ የተቀዱት መጡ፤ ቀጭታው እየደበዘዘ፣ እየራቀ ሄደ። ሐዳሳ ጆሮዋን ይዛ «ይብቃ!» አለች።

«ሐኪሙን ጠይቄአለሁ» ቀጠለች ትርፊት። «ቫልቭ ላይ ደም ሲረጋ ድምፁ ይታፈናል። ብልቃጡ ከቤት የወጣው ለጊምቢቹ ጉዞ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ሐዳሳም አቶ ሶፎንያስም እዚሁ ሆሳዕና ነበሩ። አብረዋት የሄዱት ነህምያና ተገኘ ናቸው።»

ነህምያ ብድግ አለ። «እኔ አይደለሁም!»

«አይደለህም። አንተ ብትሆን ልቧ ሲደክም የሚያሰማውን ቅጂ አታስቀምጥም ነበር። እስቲ ያን ቦታ ክፈተው።»

ከድምፅ ማጉያው የኪቦርድ ተጫዋቹ የተገኘ ድምፅ ወጣ፦ «ነህምያ፣ ያቺን ቀጭታ ከዘፈኖቹ ሁሉ አውጣልኝ። ጆሮ ትረብሻለች።»

ሁሉም ወደ ተገኘ ዞሩ።

«ይህ የተቀዳው ከጊምቢቹ መልስ ነው፤ ጆሮህ የሰላ ነው፣ ተገኘ» አለችው ትርፊት። «ጉልህ ሳለ ያልረበሸህ ድምፅ መድከም ሲጀምር ረበሸህ። ሌላ ሰው እንዳያስተውለው አስወጣኸው። ሐኪም ቤት ልትሄድ ስትልም ያዘገየሃት አንተ ነህ።»

«ለምን ብዬ?»

«ስለ ገነቴ። በድራማው ከብርቅዬ ጎን ተኝታ ሕክምና ስለምትጠብቀው፣ ‹ተራዋን ተወችልኝ› ተብሎ ስለሚዘፈንላት ልጅ። እህትህ ናት።»

ተገኘ ከመቀመጫው ተነሣ። ሲናገር የቀድሞው እርጋታው አልነበረም።

«አልተወችላትም! ነጥቃት ነው! እናቴ ነግራኛለች። እህቴ ቤት ተመልሳ ስትሞት አጠገቧ ነበርኩ። ይቺ ግን በየመድረኩ ‹ተወችልኝ› ትላለች፤ ሕዝቡ ያጨበጭባል፤ ኪቦርድ የምመታላት ደግሞ እኔ!»

ሶፎንያስ ቀና አለ። ቁጣ ሳይሆን ድካም ነበር ፊቱ ላይ።

«ብርቅዬ ይህን ለማንም እንዳልናገር አስምላኝ ነበር» አለ። «ተራው የገነቴ ነበር፤ እውነት ነው። ግን እናትህ ደረቷ ይከፈታል ሲባሉ ፈሩ። ‹ልጄን በቢላ አላስነካም› ብለው ይዘዋት ወጡ። ክፍት የቀረው ተራ ለብርቅዬ ደረሰ። ‹ተወችልኝ› ብላ የጻፈችው እናትህ በሰው ፊት እንዳያፍሩ ብላ ነው።»

«ውሸት ነው!» ተገኘ ወደ ትርፊት ዞረ። «ውሸት ነው በዪው!»

«ሆመቾ ሄጄ እናትህን ጠይቄአለሁ» አለች ቀስ ብላ። «እንደዚሁ ነው የነገሩኝ። እንዳትጠላቸው ፈርተው ነው የዋሹህ።»

ፖሊሱ እጁን ሲያስረው አልተከላከለም። በሩ ጋ ሲደርስ ግን እግሩን ተክሎ ቆመ።

«እናቴ አሁን የት ናት?»

«ውጭ ተቀምጠዋል። አብረን ነው የመጣነው።»

የበሩን መቃን በታሰሩት እጆቹ ጨመደደ።

«በሌላ በር አውጡኝ» አለ። «እባካችሁ፣ በሌላ በር።»

ስቱዲዮው ግን ያለው አንድ በር ብቻ ነበር።