ትርፉን ከርክሚልኝ

ውሸት ነው የሚል ካለ መጥቶ የታናሽ እህቴን እጅ ይንካ። እኔ ግን ሁለተኛ አልነካም።

በጠራራ ፀሐይ ነው፣ ከምሳ በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ...

እኔና እህቴ የምንሠራው የሲሊኮን አምባር በሚመረትበት ቤት ውስጥ ነው። ጎማው ከቀለም ጋር እንደ ሊጥ ይታሻል፣ ጽሑፍ በተቀረጸበት የብረት ፎርማ ገብቶ በጋለ ማሽን ይጨመቃል። ሲወጣ ጠርዙ ላይ ስስ ጎማ ይተርፈዋል። "ትርፍ" እንለዋለን። በመቀስ የምከረክመው እኔ ስለሆንኩ "የትርፍ ጠላት" ይሉኛል።

የዚያን ቀን አንዲት ደንበኛ ቀለሙን ራሷ በብልቃጥ አመጣች።

"ጽሑፍ አያስፈልገውም" አለች። "ገላ ብቻ ይምሰል።"

ብልቃጡ ሲከፈት ሳይታጠብ የሰነበተ ቁስል ሸተተን።

"ወይ ጉድ! ይሄ ቀለም ነው?" አለ ከማሽኑ ስለማይለይ "ጋሽ ትኩሳት" የምንለው ሰውዬ። አፍንጫውን በጨርቅ ሸፍኖ ከጎማው ጋር አሸው።

የመጀመሪያው አምባር ሲወጣ፣ እህቴ እንደ ልማዳችን ልኩን ለማየት አጠለቀችው።

"እታለም..." አለች በሹክሹክታ። "አይቀዘቅዝም።"

ነካሁት። ይሞቃል።

ደግሞ... አልቦታል።

"አውልቂው!"

"እምቢ አለኝ።"

ስጎትተው ቆዳዋ አብሮ ተሳበ። ከጎማው መሀል አንዲት ጥቁር ፀጉር በቅላለች።

መቀሱን አስገባሁ...

"አመመኝ!"

"አንቺን መች ነካሁሽ? ጎማውን ነው!"

"እሱኑ ነው ያመመኝ!"

ዓይኔን ጨፍኜ ቆረጥኩት። ቢጫ ነገር ጣቶቼ ላይ ተዝረከረከ። ስታጠብ ብውል አልለቀቀኝም፣ እስካሁን በዚያ እጄ መብላት ይቀፈኛል።

የእህቴ እጅ ግን ጭረት እንኳ አልነበረውም። "ተመስገን" አልኩ። ጋሽ ትኩሳት አምባሩን በጉጠት አንስቶ ከነብልቃጡ አቃጠለው። ደንበኛዋም ዕቃዬን ብላ አልመጣችም።

ከዚያ ወዲህ እህቴ በዚህ ሙቀት እጅጌዋን አትሰበስብም። ምን ሆነሻል ስላት "ምንም" ነው መልሷ።

ዛሬ ጠዋት ግን መቀሴን ይዛ መጣች።

እጅጌዋን ሰበሰበች...

ከእጅ አንጓዋ እስከ ክርኗ ፀጉር የለ፣ የደም ሥር የለ። ልስልስ ብሏል። በጎንና በጎኑ ስስ ትርፍ ወጥቶበታል።

"እታለም..." አለችኝ መቀሱን እያቀበለችኝ። "ቀስ ብለሽ ከርክሚልኝ።"