ዘፈኑ ካለቀ በኋላ የሚንሿሿው ቅል

ይህ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ያላመነ ይተወው፤ እኔ ሰው አልለምንም።

ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ጠራራ ፀሐይ። የሰርግ ባንዱ የሚለማመድበት፣ ከጋራዡ በላይ ያለው ክፍል ውስጥ ነን።

ታላቅ እህቴ የባንዱ ሻከር መቺ ናት። ሻከር ማለት ውስጡ የደረቀ ፍሬ ያለበት፣ በእጅ የሚነቀነቅ ቅል ነው። ቀኝ እጇ ሽባ ሆኖ አልጋ ላይ ስትውል፣ እስክትድን ቦታዋን እንድጠብቅላት እኔን ላከችኝ።

ተኝታ ነው ያስተማረችኝ።

«ወደ ፊት ስትገፊው የእጅሽን አንጓ ገታ አድርጊ፤ ፍሬው አንድ ላይ ይረፍ። ስትመልሺው ለስለስ። ዘፈኑ ሲያልቅ ቀስ ብለሽ ወደ መዳፍሽ አጋድሚው። ያኔ ዝም ይላል።»

«ቅል መነቅነቅ ደግሞ ምን ትምህርት አለው?» አልኳት። እልኸኛ ነኝ።

ግን እንዳለችው አደረግኩ።

የመጀመሪያው ዘፈን አለቀ። ሁሉም ቆመ። ቅሉን ወደ መዳፌ አጋደምኩት።

...ሿ።

አንዴ። ለስለስ ያለ። የመልሱ ምት፣ ቅሉ ወደ ኋላ ሲመለስ የሚሰማው።

ሁሉም ዞሮ አየኝ።

«እትዬ፣ ዘፈኑ እኮ አልቋል» አለ አዲሱ አለቃችን።

«አቁሜያለሁ።»

ደገምን። ሲያልቅ ቅሉን ጭኔ ላይ አድርጌ በሁለት እጄ አፈንኩት።

...ሿ።

ከበሮ መቺው ሳቀ። «ቅል ባገሩ ድንጋይ ይሰብራል ሲባል ሰምቼ ነበር። ያንቺው ግን ዘፈን ይሰብራል።»

ፊቴ ጋለ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ያኔ ከአፌ አመለጠኝ...

«እህቴ ናት እንዲህ ያስተማረችኝ። ድሮም እሷ መጨረስ አታውቅም።»

ውሸት ነው። እንደ እሷ ምት የሚጠብቅ አላየሁም።

አለቃው እሷን ሰምቷት አያውቅም። ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲያ ብትድንም ሌላ ሰው እንፈልጋለን።»

ላስተባብል አፌን ከፈትኩ...

መልሼ ዘጋሁት።

ቤት ስገባ እህቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች። ሽባው እጇ መዳፉ ተደፍቶ ብርድ ልብሱ ላይ ነው።

«ዘገየሁብሽ አይደል?» አለች በሹክሹክታ።

«ምኑን?»

«መልሱን። እጄ ደክሞታል።»

ያ እጅ ጣት እንኳ ካነሳ ወራት አልፈዋል።

«እታለም... ማን ነገረሽ?»

«ስለ እኔ ምን አልሻቸው?»

ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

እጄ ሥራ ይፈልግ ነበርና የቅሉን ውታፍ ነቅዬ ፍሬውን በሙሉ ሰሃን ላይ ዘረገፍኩት። ከእንግዲህ በምን ይጮሃል? ባዶውን ቅል ነቀነቅኩት።

ምንም።

ሰሃኑ ዝርግ ነው። ጠረጴዛውም አላዘነበለም። የነካው ሰው የለም።

ፍሬዎቹ ግን ቀስ ብለው... አንድ ላይ... ወደ አንዱ ጠርዝ ተንሸራተቱ።

...ሿ።

ዝም አሉ።

አልጋው ላይ፣ ቅድም ተደፍቶ የነበረው የእህቴ ሽባ እጅ መዳፉን ወደ ላይ ገልብጦ ተኝቷል።