የእድሩ አርባ ሦስተኛ አባል

ቻርጀሩ እድር ከገባ ዘጠኝ ወሩ ነው። የአባልነት ቁጥሩ አርባ ሦስት ነው። ለቅሶ አይደርስም፣ ድንኳን አይተክልም፤ ከዚህ በቀር ግን እንደማንኛውም አባል በመተዳደሪያ ደንቡ ይገዛል። መንግሥት ለሰፈር ቻርጀር ድጎማ የሚሰጠው ማሽኑ በእድር ደንብ እንዲሠራ ከተደረገ ብቻ ስለነበር፣ በአዳማ ምሥራቅ በዚህ ነገር የሚደነቅ ሰው አልነበረም። ከሰፈሩ መሐል ከቆመው የብረት ሣጥን ወደየግቢው ገመድ ይሄዳል፤ የማንን መኪና መቼ እንደሚሞላ ሣጥኑ ያውቃል።

ትርሲት የመጣችው ይህ ሣጥን ይሰርቃል ተብሎ ነው። የኃይል ድልድል ቢሮ የጥገና ባለሙያ ናት። ከአባላቱ አንዱ መኪናው በየቀኑ የስድስት መቶ ሜትር መንገድ እንደሚጎድልበት አመልክቷል። ስድስት መቶ ሜትር ቆጥሮ የሚከስ ሰው ምን ዓይነት ኑሮ እንደሚኖር እግዜር ይወቀው፤ ግን ልክ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኃይል በሚያንስበት ጊዜ ቢሮው ለእድሮች ማበረታቻ አለው። አንድ ቤት ለአንድ ወር ሳይሞላለት ከቆየ፣ የቀሩት ሁሉ ሙሉ ይሞላላቸዋል። የሚቀረውን ቤት አባላቱ በየስልካቸው በምስጢር ይመርጣሉ፤ ለተመረጠውም አይነገረውም፣ መኪናው ባዶ ሲሆን ያኔ ይገባዋል። ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች፣ እድርተኛ ስለሆነ በተራ ይዳረሳል ብለው ነበር። የዋሆች ናቸው።

ትርሲት ሣጥኑን ከፍታ መዝገቡን አየች። ዘጠኝ ወር ሙሉ የተመረጠው አንድ ቤት ነው፤ ቤት ቁጥር አሥራ ሰባት። ዘጠኝ ወር ሙሉ ደግሞ የዚያ ቤት መኪና አንድም ቀን ባዶ ሆና አታውቅም። ማሽኑ ከአርባ አንዱ ቤቶች እኩል እየቀነሰ ለእሷ ይሞላል። መኪናዋ ማክሰኞና ዓርብ ሆስፒታል ደርሳ ትመለሳለች፤ የምትቆመው ኩላሊት እጥበት ክፍል በር ላይ ነው።

ትርሲት ብልሽት ፈለገች፤ አጣች። በመጨረሻ ማሽኑን ምክንያቱን ጠየቀችው። ከእድሩ ደንብ አንድ አንቀጽ አወጣላት፦ «አባል ሲታመም ሁሉም ከየድርሻው አንስቶ ይረዳዋል፤ ተረጂው እንዳያፍርም አይነገርም።»

የእድሩን ሰብሳቢ አቶ ኢዮስያስን በረንዳቸው ላይ አገኘቻቸውና አንቀጹን በሥራ ታብሌቷ አሳየቻቸው።

«ይህ የእኛ ደንብ ውስጥ አለ?» አሉ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው።

«እርስዎ ፈርመውበታል።»

«ድጎማው እንዳያመልጠን ብለን የድሮውን ገልብጠን ነው እኮ ያስገባነው ልጄ። ማን ያነበዋል?»

«ቤቱ የማን እንደሆነ መናገር አልችልም፤ ከሥራ ያስባርረኛል። ግን እዚያ ቤት ሰው ታሟል።»

አቶ ኢዮስያስ ከልባቸው አዘኑ። «እግዜር ይማረው። ምነው ሳይነግረን? ሄደን እንጠይቀው ነበር።» መነጽራቸውን አወረዱ። «ቢሆንም ያለ ፈቃዳችን መወሰድ የለበትም። አንቀጹ ይሰረዝ።»

«የሚሰረዘው በሙሉ ድምፅ ነው። አንድ ሰው እንኳ እንቢ ካለ ማሽኑ እንደነበረ ይቀጥላል።»

ይህን ስትል ልቧ ተረጋግቶ ነበር። አርባ አንዱ ቢጨክኑ እንኳ ቤት አሥራ ሰባት በራሷ ላይ አትፈርድም። ስለዚህ ጥያቄውን ያለ ስጋት ለሁሉም ላከችው፦ «ከእናንተ ባትሪ እየተቀነሰ፣ ላልተፈቀደለት አንድ ቤት ይሞላል። ይቁም?»

ከዚያ እግሯ ወደ ቤት አሥራ ሰባት ወሰዳት። እማማ ሔርሜላ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ፊታቸው ያበጠ፣ ጨዋታ የሚወዱ ሴት ናቸው። ከኃይል ቢሮ ነኝ ያለቻቸውን የማያውቋትን ልጅ ገና ከበሩ ሳትገባ በፀሐይ መጣሽ ብለው አስቀመጧት፤ ፓፓያ ቆርጠው አቀረቡላት። ስልካቸው ጮኸ። ከዓይናቸው አርቀው ይዘው አነበቡት።

«ይገርማል» አሉ። «ለካ ሰፈራችን ውስጥ ሌባ አለ።»

ትርሲት የያዘችውን ፓፓያ መልሳ ሳህኑ ላይ አኖረች። ሴትየዋ እንደተመረጡ አያውቁም። መኪናቸው ባዶ ሆና ስለማታውቅ፣ ዘጠኝ ወር ሙሉ የሚቀረው ሌላ ሰው መስሏቸው ኖረዋል።

«ምናልባት የቸገረው ይሆናል፣ እማማ» አለች።

«ማን ያልቸገረው አለ? የቸገረው ሰው ይጠይቃል እንጂ ከሰው መኪና ይቀዳል?»

«ቤቱ የእርስዎ ነው» ማለት ብቻ ይበቃ ነበር። ትርሲት አፏን ከፈተች፤ ሥራዋን አሰበች፤ ዘጋችው። እማማ ሔርሜላ ስልካቸው ላይ «ይቁም» የሚለውን ተጫኑ። ወዲያው የትርሲት ጉልበት ላይ ያለው የሥራ ታብሌት በራ፦ አርባ ሁለት ከአርባ ሁለት፣ ይቁም። አንቀጹ ተሰረዘ። ከሰፈሩ ሁሉ ደንቡን የሚጠብቅ አንድ አባል ነበር፤ እሱንም እሷ ጠገነችው።

«አለቀ?» አሉ እማማ ሔርሜላ። «ነይ በይ፣ እስከ ባቡር ጣቢያው ላድርስሽ። በዚህ ሐሩር በእግርሽ አትሄጂም።»

ገመዱ ገና ሳይነቀል የእማማ መኪና ውስጥ ገቡ። ቢሮው ያለ አግባብ የተሞላን ኃይል መልሶ ይወስዳልና፣ ሁለቱም እያዩ ቁጥሩ ወረደ፤ ሃምሳ፣ ሠላሳ፣ ዘጠኝ፣ ባዶ።

«ምን ነካት? ነገ ጠዋት ቀጠሮ አለኝ። አንቺ ባለሙያ ነሽ፣ እስቲ እይልኝ ልጄ።»

«የዚህ ወር ተራ የእርስዎ ሆኖ ነው፣ እማማ» አለች ትርሲት ወደ መስኮቱ ዞራ።

«ባይሆን ሰው ይለምኑ፤ ጎረቤት ያድርስዎት» አለች ቀጥላ።

«ሰው ማስቸገር አልወድም።» እማማ ሔርሜላ በሩን ቀስ ብለው ከፈቱ። «ተራዬ ከሆነማ ምን ይደረጋል። እስከ ዛሬ ሌሎቹ ችለውት የለ? እኔም እችለዋለሁ።»