ሦስት ነጥብ አራት

«ቅዳሜ የምትገባው ፈርሃና ናት» አለ ጋሼ ሰይፈ። ሲናገር ሮሃን አላያትም፤ ጎንበስ ብሎ የእግር መከላከያዋን ማሰሪያ እየፈታላት ነበር።

ሮሃ በደንብ የሰማች አልመሰላትም።

«የት ነው የምትገባው?»

«ጎል ውስጥ። አንቺ ተጠባባቂ ነሽ።»

የሚለማመዱበት ሜዳ ከጋባ መንገድ ገባ ብሎ ባለ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የሚገኝ የቅርጫት ኳስ ሜዳ ነው። አሥራ ሦስት ልጆች ባለ ጎማ ጫማ አስረው በሲሚንቶው ላይ እየተንሸራተቱ ሆኪ ይጫወቱበታል። ካምፓላ ውስጥ በረዶ የሚገኘው ፍሪጅ ውስጥ ብቻ ስለሆነ ሲሚንቶውን እንደ በረዶ መቁጠር ግድ ነው። የበረኛ ትጥቅም የለም፤ ልብስ ሰፊ በሸራ የለበጠው የፍራሽ ስፖንጅ አለ። ሮሃ በዚያ ስፖንጅ ተጠቅልላ ስምንት ወር ሙሉ ኳስ በደረቷ፣ በጉልበቷ፣ አንድ ጊዜም በጥርሷ መልሳለች። ፈርሃና የመጣችው ከሦስት ወር በፊት ነው።

«ለምን?» አለች።

«አንቺ ኳሷን ታሳድጃታለሽ። ፈርሃና ትጠብቃታለች።»

«መጠበቅማ ግድግዳም ይጠብቃል!»

ጋሼ ሰይፈ ሳቀ። ቢቆጣት ይሻላት ነበር። የእናቷ ታናሽ ወንድም ነው፤ በስድስት ዓመቱ ከአክስቱ ጋር ካናዳ ሄዶ እዚያው አደገ፣ የበረዶ ሆኪ በረኛ ሆነ፣ ጉልበቱ ሲበላሽ አቆመ። እህቱን ሊጠይቅ ካምፓላ ከመጣ ዓመት ተኩል ሆነው፤ እስካሁን ጠይቆ አልጨረሰም። በእናቷ ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ ጭምብል አድርጎ የተነሳው ፎቶ ተሰቅሏል። እናቷ ወርቅውሃ ለገባ ለወጣው ሁሉ «ወንድሜ ካናዳ በረኛ ነበር» ትላለች። የትኛው ቡድን፣ የትኛው ሊግ፣ አትልም። የሚጠይቅም የለም።

ሮሃ ትጥቁን መሬት ላይ ጥላው ወጣች።

ሚልኪያስ በሩ አጠገብ ካለው ሮሌክስ ጠባሽ ዘንድ ቆሞ እንቁላሉ በቻፓቲ ቂጣ እስኪጠቀለልለት ይጠብቅ ነበር። የክፍሏ ልጅ ነው፤ የሚጫወተው ግን ለሙየንጋ ሰፈር ቡድን ነው፤ ቅዳሜ እነሮሃ የሚገጥሙት ያንን ቡድን ነው። ፊቷን አይቶ ገና ሳትናገር ገባው።

«ወንበር ላይ አስቀመጠሽ አይደል?»

«ማን ነገረህ?»

«ፊትሽ። ስሚ፣ የእኛ በረኛ እጁን ተሰብሯል። አሠልጣኛችን ቅዳሜ አንቺ እንድትገቢልን ይፈልጋል። እውነተኛ ትጥቅ አለን። ፍራሽ አይደለም።»

«በገዛ ቡድኔ ላይ?»

«የትኛው ቡድንሽ? ያስቀመጠሽ?» ሮሌክሱን ገመጠ። «ለመሆኑ እሱ ምን ያህል በረኛ ነበርና ነው አንቺን የሚያስቀምጥሽ? ፈልገሽው ታውቂያለሽ?»

አታውቅም። የሰውየው ፎቶ በየቀኑ እራት ስትበላ ከፊቷ ተሰቅሏል፣ ስሙን ስልኳ ላይ ጽፋ ግን አታውቅም። እዚያው ቆመው ፈለጉት። የተጫዋቾችን ውጤት የሚመዘግብ ገጽ ላይ ተገኘ፦ ስም፣ የትውልድ ቦታ አዲስ አበባ፣ ሰምተዋቸው የማያውቁ ትናንሽ ከተሞች፣ ሰምተውት የማያውቁት ትንሽ ሊግ። ዘጠኝ ዓመት። ስልሳ አንድ ጨዋታ።

«ቡድኑ በዓመት ስንት ጊዜ ነው የሚጫወተው?» አለ ሚልኪያስ።

ሮሃ ስክሪኑን ወደ ታች ገፋችው። «ስልሳ ገደማ።»

«ስለዚህ ዘጠኝ ዓመቱ ተደምሮ አንድ ዓመት? ኧረ ባክሽ! ቆይ፣ ይሄስ? በየጨዋታው የገባበት ጎል፣ ሦስት ነጥብ አራት አንድ!» ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «ሦስት ጎል በየጨዋታው! ይሄ በረኛ ነው ወንፊት?»

ሮሃ አልሳቀችም። ጆሮዋ ጋለ። ስምንት ወር ሙሉ «ጉልበትሽን እጠፊ፣ ዓይንሽን ከኳሷ አታንሺ» ሲላት እንደ ጸሎት ስትሰማው የኖረችው ለወንፊት ነው?

«ለቅዳሜው አስቢበት። እስከ አርብ ንገሪኝ» አላት ሚልኪያስ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ምግብ ቤቱ ሞቅ ብሏል። ጋሽ ዮሃንስ የተለመደው ጠረጴዛው ላይ ነበር። ኦልድ ካምፓላ የሚባለው ሰፈር የመኪና መለዋወጫ ይነግዳል፤ ኤርትራዊ ነው፤ በሕይወቱ ያመለጠው የእግር ኳስ ጨዋታ ቢኖር የተወለደ ቀን የነበረው ብቻ ነው።

«ኣንታ ጀግና!» አለው ጋሼ ሰይፈን፣ ሰሃን ሲያቀርብለት። «ቅዳሜ ማንን ነው የምታስገባው? የእኛን ሮሃ አይደል?»

አፏ ቀደማት።

«እሱን ምን ይጠይቁታል፣ ጋሽ ዮሃንስ? ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው የመጣው። ተሳስተው ሲያስገቡት ደግሞ በየጨዋታው ሦስት ሦስት ጎል ነው የሚገባበት።»

ጠረጴዛው ላይ ያሉት ሁሉ ወደ ጋሼ ሰይፈ ዞሩ። ከዚያ አንዱ በሳቅ ፈነዳ፣ ሌላው ተከተለ።

«ዋእ! ሦስት? በየጨዋታው?» አለ ጋሽ ዮሃንስ እጁን ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ። «ሰይፈ! እኛ ሰፈር እኮ ዘጠና ደቂቃ ሦስት የገባበት በረኛ ማታ ቤቱ በጓሮ ነበር የሚገባው!»

ጋሼ ሰይፈ ሰሃኑን አስቀመጠ። «ሦስት ነጥብ አራት» አለ ፈገግ ብሎ። «ለትክክለኛነቱ።»

ሳቁ እንደገና ተነሳ። እሱ ባዶ ብርጭቆዎቹን ሰብስቦ ወደ ጓዳ ገባ። እናቷ ከሂሳብ መቀበያው ጀርባ ሆና ሮሃን ብቻ ነበር የምታየው። አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። ሮሃ የፈለገችው ሁሉ ሆኖላት ነበር፤ ለምን ደስ እንዳላላት ግን ሊገባት አልቻለም።

ሐሙስ ዕለት በእረፍት ሰዓት ለፈርሃና ነገረቻት። ለማን ትንገር? ከዚህ ሁሉ ሰው ጎል ውስጥ ቆሞ የሚያውቅ እሷ ብቻ ናት። ፈርሃና የተቀቀለ የሙዝ ማቶኬዋን በሹካ እየቆረሰች ሰማቻት።

«ሦስት ከስንት?» አለች።

«ምን ማለት ነው ከስንት?»

«ስንት ጊዜ ተመትቶበት ነው ሦስት የገባው? በእግር ኳስ በረኛው ላይ የሚመጣው አራት አምስት ኳስ ነው። በሆኪ እኮ እኛ ላይ እንኳ ዝናብ ነው።»

ሮሃ ስልኳን አወጣች። ከጎሉ ቁጥር አጠገብ ሌላ ቁጥር ነበር፤ ማክሰኞ ዓይኗ ዘሎት ያለፈው። ሁለት ሺህ አሥራ ሦስት ምት። የገባው ሁለት መቶ ስምንት። ፈርሃና ሒሳብ ላይ ጭንቅላቷ ፈጣን ነው። «ከአሥር ዘጠኙን መልሷል» አለች፣ ወደ ማቶኬዋም ተመለሰች።

ሮሃን ይህ ጭራሽ አደናገራት። ሰነፍ ካልነበረ ለምን አላስገቡትም? ጎበዝ ከነበረ ስልሳ አንድ ምንድን ነው? ስሙ ተነስቶ ሲሳቅበት ለምንስ አፉን ያዘ? የእሷ ስም ቢሆን ኖሮ ጠረጴዛውን ትገለብጠው ነበር።

የዚያን ዕለት ከሰዓት እናቷ ለአርብ የሚሆን ዓሣ እንዲያመጡ ሁለቱን አንድ ላይ ወደ ጋባ ላከቻቸው። ሌላ ጊዜ ጋሼ ሰይፈ ብቻውን ነው የሚሄደው፤ ሮሃ ቅጣቷ መሆኑ ገብቷታል። ከሐይቁ ዳር ጀልባዎቹ ተደርድረዋል። ራሰ በራዎቹ አባ ኮዳ ወፎች የዓሣ አንጀት እስኪጣልላቸው እንደ ወረፋ ጠባቂ ቆመዋል። አንዲት ሴትዮ ቲላፒያዎቹን በቢላ ጀርባ ትፍቃለች፣ ቅርፊቱ እንደ ጥፍር ይበተናል።

«ከአሥር ዘጠኙን ትመልስ ነበር» አለች ሮሃ በድንገት። «ለምን አልነገርካቸውም? ሦስት ጎል ጥሩ እንደሆነ?»

«ጥሩ አይደለም።»

«መጥፎ ነው?»

«መጥፎም አይደለም።»

«ጋሼ!»

«ምን ልበልሽ? ከእኔ የሚሻል ነበረ። በየዓመቱ ከእኔ የሚሻል አንድ ሰው ነበረ። ሁለት ቢሆኑ ኖሮ አባርረውኝ ያርፉ ነበር።» ሳቀ፤ የዛሬው ሳቁ ግን አጭር ነበር። «ሌሎቹ ልምምድ ጨርሰው ሲሄዱ እኔ እቀር ነበር። ተጎድቶ የከረመ ሰው እግሩን ሲሞክር የሚመታበት በረኛ ያስፈልገዋል። ያ እኔ ነኝ።»

«ዘጠኝ ዓመት?»

«በአራተኛው ዓመት ዝቅ ያለ ሊግ ላይ ያለ ቡድን ጠርቶኝ ነበር። ና፣ አንደኛ በረኛ ትሆናለህ አሉኝ። አልሄድኩም።»

«ልክ ነበርክ?»

ጋሼ ሰይፈ ቅርፊቱ ሲበተን አየ። «አላውቅም።»

«እንዴት አታውቅም? አሁን እኮ ሁሉም አልቋል!»

«ሌላኛውን አልኖርኩትማ፣ ሮሃዬ።»

ሴትዮዋ የታጠበውን ዓሣ በፌስታል አድርጋ ሰጠቻቸው። ሮሃ ተቀበለች፤ ከበዳት፤ እንዲያግዛት ግን አልጠየቀችም። ጥቂት ከሄዱ በኋላ «የሙየንጋው አሠልጣኝ ደውሎልኝ ነበር» አላት።

ቀጥ ብላ ቆመች። «መቼ?»

«ሰኞ። እሷን ጠይቃት አልኩት።»

«ሰኞ? ከማስቀመጥህ በፊት?»

«ከማስቀመጤ በፊት።»

«ታዲያ ለምን አትሂጂ አላልከኝም?»

«ብልሽ ትቀሪ ነበር።»

«ስለዚህ ሂጂ እያልከኝ ነው?»

«እንደዚያም አላልኩም።»

«አንተ ሰውዬ፣ ምን እንደምትል ራስህ ታውቃለህ?»

«ብዙውን ጊዜ አላውቅም» አለና የፌስታሉን አንድ ጆሮ ያዘላት።

አርብ ምግብ ቤቱ ሞልቷል። ሮሃ ደብተሯን ሳታስቀምጥ የጋሽ ዮሃንስ ድምፅ ተቀበላት። «ሦስት ነጥብ አራት! ዓሣው የታለ?» ጋሼ ሰይፈም ከጓዳ «መጣ፣ መጣ!» ይላል። ስም ወጥቶለታል። ያወጣችው እሷ ናት።

ስልኳን ከፍታ የጋሽ ዮሃንስ ሰሃን አጠገብ አስቀመጠችው።

«ያንብቡት። እዚህ ጋ የተመታው፣ እዚህ ጋ የገባው።»

«ምንድን ነው ደግሞ?»

«ረቡዕ የተናገርኩት ነገር ነው። ሳላነብ ነው የተናገርኩት።»

ጋሽ ዮሃንስ ዕድሜ ልኩን ቁጥር ያየ ነጋዴ ነው። መነጽሩን አደረገ፣ ከንፈሩ ለአፍታ ተንቀሳቀሰ፣ ከዚያ ቀና አለ።

«ከአሥር ዘጠኝ? ዋእ! ታዲያ ለምን አላስገቡትም?»

ሮሃ አፏን ከፈተች። እዚህ ጋ አንድ የሚያምር መልስ ቢኖር ደስ ባላት። «አላውቅም» አለች። «እሱም አያውቅም።»

ጋሽ ዮሃንስ ረጅም ጊዜ ፎቶውን አየ። ዓሣው ሲመጣለት «ሰይፈ፣ ተባረክ» አለው።

ወደ ሜዳው ስትሄድ የሚልኪያስ መልእክት ደረሳት። «እሺ ወይስ እምቢ? አሠልጣኙ እየጠየቀኝ ነው።»

ቆማ አሰበች። እውነተኛ ትጥቅ። ነገ ሙሉ ጨዋታ። በሌላ በኩል ደግሞ ፈርሃና ነገ ብትጎዳ፣ ሮሃ ከሌለች ጎሉ ባዶ ነው፤ ይህን ማንም አልነገራትም፤ ራሷ ናት የደረሰችበት። ግን ደግሞ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጣ «አላውቅም» ማለትም አትፈልግም። የትኛው ፍርሃት፣ የትኛው ክብር እንደሆነ መለየት አቃታት። ጣቷ ግን ጻፈ።

«ነገ አልችልም፣ ነገ ተጠባባቂ ነኝ። ከነገ በኋላ በረኛ ካስፈለጋችሁ እመጣለሁ። ለጋሼ ራሴ እነግረዋለሁ።»

መልሱ ወዲያው መጣ። «ከነገ በኋላማ ሌላ ሰው እናገኛለን፣ ፋራ።»

«ይሆናል» ብላ ጻፈችና ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ፈርሃና ስፖንጁን ታጥቃ ጎል ውስጥ ቆማለች፤ ሻርፗን በራስ መከላከያው ስር እያስገባች ነበር። ሮሃ ባለ ጎማ ጫማዋን አሰረች፣ ዱላ አነሳች፣ ኳሶቹን ከባልዲው መሬት ላይ ደፋቻቸው።

«ከየት በኩል ሲመጣብሽ ነው የምትፈሪው?» አለቻት።

ፈርሃና ሻርፗን ማስገባቱን አቆመች። ስለ ሙየንጋ ሰምታለች፤ ያልሰማ የለም። ሮሃን ትክ ብላ አየቻት።

«ነገ እዚህ ነኝ» አለች ሮሃ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ እንጃ።»

ፈርሃና ትንሽ አሰበች። ከዚያ ዱላዋን ሲሚንቶው ላይ አንዴ መታ አድርጋ ጉልበቷን አጠፈች።

«ከግራ» አለች። «ዝቅ ብሎ ሲመጣ።»

ሮሃ ኳሶቹን አንድ በአንድ ወደ ግራ ገፋቻቸው።