የወንድም ሊዝ

ሄስቲንግስ ውስጥ፣ ባሕሩን ቁልቁል በሚያይ ዳገት ላይ፣ ለሁለት ወንድማማቾች የተከፈለ አንድ ቤት ነበር። ምድር ቤቱና መሬቱ የታላቁ የሮላንድ ነው። ላይኛው ፎቅ የታናሹ የዴሪክ ነው፤ የእሱ ነው ይባል እንጂ አባታቸው ያወረሱት በሊዝ ስለነበር፣ ዘመኑ ባለቀ ቀን ጣሪያና ግድግዳው ለመሬቱ ባለቤት ይመለሳል። ዴሪክ አርባ ዓመት አውቶቡስ ሲነዳ ድመት እንኳ ገጭቶ አያውቅም። እግሩን የረገጠውን ሰው ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ነው። ከእሱ የባሰ ይሉኝታ የያዘው በእንግሊዝ ምድር ቢፈለግ አይገኝም!

ሚስቱ ሞሪን ደግሞ ስትስቅ ባሕር ላይ ያሉ አሣ አጥማጆች ቀና ይሉ ነበር። ይህችን የመሰለች ሴት ነው እንግዲህ የሳንባ በሽታ የጣላት። ከደጃፏ እስከ መንገዱ ሠላሳ አራት ደረጃ አለ፤ ለእሷ የሰማይ መሰላል ሆነባት። ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ እግሯ መሬት ሳይነካ ቀረ። ጎረቤት ከተማ ቤክስሂል ውስጥ ደረጃ የሌላት ጠባብ ቤት ተገኘች፤ ፎቁ ተሸጦ ቤቷ ልትገዛ ታሰበ። ነገር ግን ሊዙ አልቆ አልቆ ሃምሳ ስምንት ዓመት ቀርቶት ነበርና፣ ባንኮች ለገዢዎች አናበድርም አሉ። ሊዙ ካልተራዘመ ሽያጭ የለም፤ ሽያጭ ከሌለ ቤክስሂል የለም፤ ቤክስሂል ከሌለስ…?

ጠበቃቸው ወይዘሮ ሃርግሪቭ የማራዘሚያ ማመልከቻውን ለሮላንድ ላከች። ሮላንድ የወንድሙን መብት እንደሚቀበል፣ ለማራዘሙ የቀረበለት ዋጋ ግን እንደማይስማማው በጽሑፍ መለሰ። ያን ጊዜ ጠበቃዋ ዴሪክን አስቀምጣ እንደ ሕፃን ነገረችው፦ ከዚህ መልስ ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ወይ መስማማት፣ ወይ ችሎት መሄድ ነው። ቀኑ ካለፈ ማመልከቻው ይሞታል፤ ሌላ ለማስገባት አሥራ ሁለት ወር መጠበቅ ግድ ይሆናል።

ሮላንድ ደጅ ላይ ባገኘው ቁጥር ትከሻውን መታ መታ እያደረገ፣ ቤተሰብ መሆናቸውን፣ ለወንድማማች ዳኛ እንደማያስፈልግ ይነግረዋል። ወራቱ እንዲህ ነጎዱ። ሞሪን ከመስኮቷ ሆና ታየዋለች።

«ወንድምህን ከፈራኸው እኔ በመስኮት ልዝለል እንዴ?» አለችው አንድ ቀን። «ደረጃውንም እገላገላለሁ።»

የመጨረሻው ቀን ጠዋት ዴሪክ የችሎቱን ቅጽ ኪሱ ከትቶ ወረደ። የቀረው የእሱ ፊርማ ብቻ ነበር። ሮላንድ ጽጌረዳ ይከረክማል፤ ዴሪክ ቅጹን አውጥቶ አሳየው።

«በአባታችን ቤት ፍርድ ቤት ልታቆመኝ ነው? ጎረቤት ምን ይላል፣ ዴሪክ? ተወው፤ እሁድ ምሳ ላይ እንጨርሰዋለን።»

ዴሪክ ፊቱ ቀላ። ቅጹን ወደ ኪሱ መለሰ። ይባስ ብሎም ይቅርታ ጠየቀ! አይ ዴሪክ… ምነው ያን ቀን እንኳ ጨዋነት ቢከዳህ?

እሁድ ምሳ ላይ ሮላንድ የበሬውን ጥብስ በስሱ እየቆረጠ፣ ቀኑ ማለፉን፣ ይህ የሕጉ ሥራ እንጂ የእሱ አለመሆኑን አስረዳው። በሚመጣው ዓመት ሊዙ ይበልጥ ስለሚያጥር ዋጋውም ከፍ እንደሚል ጨመረለት። ድንቹንም አቀበለው።

ዴሪክ ለሞሪን ነገሩ እየሄደ ነው ብሎ ዋሻት። አርባ ስድስት ዓመት አብራው የኖረች ሴት ግን ይህ ይጠፋታል? የኦክስጂን ጭምብሏን ከአፏ ገለጥ አደረገች።

«ለሁሉም ሰው ጨዋ ነህ» አለችው ቀስ ብላ። «ለእኔ ስትል አንድ ቀን ባለጌ ብትሆንልኝ ምን ነበረበት?»

ከዚያ በኋላ ስለ ቤክስሂል አላነሳችም። እሱም ትራሷን ሲያስተካክል፣ ሲያስተካክል፣ ስምንት ወር ሆነ። በስምንተኛው ወር እዚያው ትራስ ላይ እስትንፋሷ ተቋረጠ። እንባ ባሕር ቢሞላ የሄስቲንግስ ባሕር ያን ቀን ዳገቱን በወጣ ነበር!

አራት ሰዎች ሬሳ ሣጥኗን በጠባቡ ደረጃ በጎን እያዘነበሉ አወረዷት። ታች ሮላንድ ጥቁር ለብሶ፣ ዓይኑ ደም መስሎ ቆሟል። እጁ ላይ ፖስታ አለ።

«ፈርሜዋለሁ» አለ። «በነፃ ነው፣ ምንም አልፈልግም። ዘጠና ዓመት ጨምሬበታለሁ።»

ዴሪክ ፖስታውን ተቀበለ።

«ዘጠና ዓመት» አለ። «እሷ የፈለገችው አንድ በጋ ነበር።»

ፖስታውን በወንድሙ ደረት ኪስ መልሶ ከተተና ሣጥኑን ተከትሎ ሄደ። ሮላንድ በስሙ ተጣራ፤ ዴሪክ ዞር አላለም። አይ ዕጣ! ለጡብና ለጣሪያ ዘጠና ዓመት የሚጨምር ሕግ ተገኘ፤ ለሞሪን ግን ከወንድማማቾቹ አንዱ እንኳ በጊዜው አልፈረመላትም።