እስከ ሰባት ቤት

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር፤ የመጋቢት ሙቀት ገንዳ ውሃ ከተማን ከነአቧራዋ አስተኝቷታል።

በጠባቧ የኮምፒውተር መጠገኛ ስርጉት ከባለሙያው ከናሁሰናይ ጎን ተቀምጣለች። ጉልበቷ ላይ ከአያቷ ከአቶ ባየልኝ አንደበት እየሰማች አምስት ወር የመዘገበችው የዘር ሐረግ ደብተር አለ። በዚህ ቆላ ከደጋ የወረደው ሁሉ ዘመዱን እየረሳ ሄዷል፤ እስከ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ግን ጋብቻ አይፈጸምም። ደብተሩን ልታስተይብ የገባች ዕለት ናሁሰናይ ገለጥ ገለጥ አድርጎ፣ «ይህስ የሚቆጥር ፕሮግራም ነው የሚያስፈልገው» ብሏት ነበር።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ መጣች።

ኢንተርኔቱ ስለማይዘልቅ ጎንደር ድረስ በአውቶቡስ ሄዶ የፕሮግራም መሥሪያ መጫኛዎቹን በፍላሽ ይዞ ተመለሰ። በመጀመሪያ የኮድ መጻፊያውን ብቻ ጫነና አስኪድ ብሎ አዘዘው። ኮምፒውተሩ ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚለውጠው ኮምፓይለር የለም አለ።

«ሰሊጡን አጭደህ የሚያራግፈውን ረሳኸው!» ብላ ሳቀችበት።

በማግሥቱ ኮምፓይለሩን ጫነ፤ አሁንም የለም አለ። በየትኛው ማኅደር እንደተቀመጠ አልነገሩትም ነበር። አድራሻውን አብረው ሲጽፉ ጣቶቻቸው አንድ ቁልፍ ላይ ተገናኙ። ሁለቱም አላነሡም።

ዛሬ ፕሮግራሙ የራሱን መስኮት ከፈተ። የፊታችን እሑድ ደግሞ የናሁሰናይ ሽማግሌዎች አቶ ባየልኝ ቤት ይሄዳሉ።

«በማን እንሞክረው?» አለ።

«በእኛ ነዋ! ሽማግሌዎችህ ውጤቱን በወረቀት ይዘው ይግቡ።»

የእሱን ሐረግ አባቱ ከሳንጃ በስልክ አስጽፈውታል። የእሷ ደብተሩ ላይ ነው። ስሞቹን አስገባች፤ ቁጠር የሚለውን ተጫነች።

የጋራ አያት፦ ይስማው ዘርጋው። ስድስተኛ ቤት። አይጋቡም።

ማራገቢያው ይዞራል። ውጭ አንድ ባጃጅ አለፈ።

«ተሳስቷል» አለች። ድምፅዋ የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

ናሁሰናይ ኮዱን ከላይ እስከ ታች አነበበው። ደግሞ አነበበው። ከዚያ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ።

«ከዜሮ ነው የጀመረው! አባትን ዜሮ ብሎ ቆጥሯል። አንድ ቤት ይጎድለዋል፣ ስርጉት!»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ጨምርለት!»

አስተካከለው። ኮምፓይለሩ ያለ አንዲት ስሕተት ጨረሰ። መስኮቱ ተከፈተ።

ሰባተኛ ቤት። አይጋቡም።

የሚፈቀደው ስምንተኛው ነው። አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች።

ናሁሰናይ ጠቋሚውን እገዳው በተጻፈበት መስመር ላይ፣ ሰባት ቁጥር አጠገብ አቆመ።

«አንዲት ቁጥር ናት። ስድስት ባደርጋት ይፈቅድልናል። ኮምፓይለሩ አይከለክለኝም።»

«አውቃለሁ።»

«ማንም አያይም።»

ጣቷን ቁጥሩ ላይ አሳረፈች።

«ከእኛ በኋላስ ስንት ሰው በእኛ ስድስት ሊጋባ ነው?»

እጁን ከቁልፎቹ ላይ አነሣ።

በዚህ መካከል አቶ ባየልኝ ምርኩዛቸውን እየመቱ ገቡ። ስለ እሑድ የነገራቸው ሰው አልነበረም፤ የመጡት የደብተራቸውን ነገር ሊጠይቁ ነው።

«እህ፣ ማሽናችሁ ምን አለ? መቁጠር ቻለ?»

ስርጉት ደብተሩን ከደነች።

«ምነው፣ አፋችሁንም ኮምፒውተሩ ውስጥ ከተታችሁት?»

«ቻለ፣ አባባ» አለች ስርጉት። «ናሁሰናይ የይስማው ዘርጋው ዘር ነው። ሰባተኛ ቤታችን።»

«የትኛው ይስማው? ግራኙ? የሳንጃው?»

«አዎ፣ አባባ» አለ ናሁሰናይ። «አባቴም ግራኙ ነው የሚሉት።»

ምርኩዙ ከእጃቸው ወደቀ።

«ወይ ጉድ! ወገኔ ኖረሃል! ይኼን ሁሉ ጊዜ በደጅህ ሳልፍ! ና፣ ና ልሳምህ!»

ጉንጩን እያገላበጡ ሳሙት። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ወደ ልጅቱ ዞሩ።

«ምን ትገተሪያለሽ አንቺ? ወንድምሽን አትስሚውም?»

ስርጉት ተነሣች። ናሁሰናይም ተነሣ። ሦስት ጊዜ ጉንጩን ሳመችው።

ከዚያ በፊት ስማው አታውቅም ነበር።